ባዶ እጅም መልስ አለው

ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ አላወራውም። ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ብዙም የሚታይ ነገር የለም። አራት ሰዎች ካርታቸውን እንደ ማራገቢያ ዘርግተው ይዘዋል። አንዱ «አንድ ሃርት» ይላል። ቀጣዩ «ደብል» ይላል። ሦስተኛዋ «ፓስ» ትላለች። ከዚያ ተራው አራተኛው ሰው ላይ ይደርስና ጸጥ ይላል። ተስማምተው ይጫወቱ የነበሩ አጣማሪዎች በዚያች ጸጥታ ሰበብ ተኮራርፈው ሲለያዩ አይቻለሁ። ነባሮቹ እርስ በርስ የምንንሾካሾከው፣ ለጀማሪ ግን በቅጡ የማንነግረው ነገርም ያለው እዚያችው ውስጥ ነው።

እኔ ጨዋታውን የለመድሁት ለትምህርት ውጭ አገር ሳለሁ ነው። ወረታ ስመለስ የሚያጫውተኝ ስላጣሁ ሦስት ሰው አስተማርሁ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ ነርስ ናት፤ ሲስተር። ሦስተኛው የሩዝ መፈልፈያ ያለው ወጣት ነው፤ እሑድ ከሰዓት ታጥቦ ሲመጣ እንኳ የሩዙ ብናኝ ከቅንድቡ ላይ አይጠፋም። ቤቴ ከደብረ ታቦር መገንጠያ ብዙም አይርቅም፤ ሽንኩርትና ሩዝ የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ የቡናው ሲኒ ይንቀጠቀጣል። የጨረታ ካርዶቻችንን ከፓስታ ካርቶን ቆርጠን ነው የሠራናቸው። ቀይ ኤክስ የተሣለበት ካርድ «ደብል» ማለት ነው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። ሃምሳ ሁለቱ ካርታ ለአራት ሰው አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ይታደላል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ሁለት ሰዎች አጣማሪ ናቸው። መጀመሪያ ጨረታ አለ፦ «ይህን አይነት ገዢ አድርገን ይህን ያህል ዙር እንበላለን» እያሉ መፎካከር። «አንድ» ያለ ሰው ሰባት ዙር ለመብላት፣ «አራት» ያለ አሥር ዙር ለመብላት ውል ገባ ማለት ነው። የካርታ አቅም በነጥብ ይለካል፤ አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1፤ ሁሉም ሲደመር 40። ይህን ከያዛችሁ የቀረውን ትከተሉኛላችሁ።

አንድ እሑድ እኔ «አንድ ሃርት» ብዬ ከፈትሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያሉት ጋሼ ቀዩን ኤክስ አስቀመጡ። አጣማሪዬ ሲስተር ፓስ አለች። ወጣቱ ካርታውን አየ። በስፔድ 8፣ 6 እና 3፤ በሃርት 9፣ 7፣ 5 እና 2፤ በዳይመንድ ጃክ፣ 6 እና 4፤ ፍላወር በምንለው አይነት ደግሞ ንግሥት፣ 5 እና 3። ሁለቴ ቆጠራቸው። ከዚያ «ፓስ» አለ። ጨረታው እዚያ ላይ ተዘጋ፤ የእኔ አንድ ሃርት ከነደብሉ ውል ሆኖ ቀረ። እኔና ሲስተር ዘጠኝ ዙር በላን። ደብል ባይኖርበት 140 የሚያስገኝልን ጨዋታ 360 ሆነልን።

ጋሼ ካርታቸውን ሰብስበው አስቀመጡና፣ «አንተ ልጅ፣ ጠርቼህ እኮ ነበር» አሉት።

«ጋሼ፣ ምን ይዤ ልምጣ? ሦስት ነጥብ እኮ ነው ያለኝ።»

ይህ መልስ ትክክል ይመስላል። በሄድሁበት ሁሉ ጀማሪ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። አሁን እንግዲህ የመጀመሪያውን ነገር ልንገራችሁ፦ ጋሼ ስለ ነጥብ አልጠየቁትም።

ደብል በጥንቱ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ «ያላችሁትን አትወጡትም፤ ቅጣቱ እጥፍ ይሁን» ማለት። እ.ኤ.አ. በ1912 እና 1913 ገደማ ግን አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ የሴንት ሉዊሱ ብራያንት ማካምቤልና የኒውዮርኩ ሜጀር ቻርለስ ፓተን፣ ለየብቻቸው አንድ ሐሳብ አፈለቁ። ባላጋራ ገና «አንድ» ብሎ ሲከፍት ወዲያው ለመቅጣት የሚያበቃ ካርታ የሚይዝ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ያ ቃል እዚያ ቦታ ላይ ሥራ ፈት ሆኖ ተቀምጧል። ለምን ለአጣማሪ ጥያቄ አይሆንም? ሃሮልድ ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ1925 በመርከብ ጉዞ ላይ ሆኖ ዛሬ የምንጫወተውን የብሪጅ አቆጣጠር ሲያወጣ ይህ ደብል ከአሥር ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። እኛ የጥያቄ ደብል እንለዋለን፤ ከቅጣት ደብሉ እንዲለይ።

የጥያቄ ደብል ተገልጦ ሲነበብ እንዲህ ነው፦ «ጨረታ ለመክፈት የሚበቃ፣ 12 ነጥብ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ አለኝ። በባላጋራው አይነት ካርታዬ ጥቂት ነው። የቀሩትን ሦስቱን አይነቶች ግን የትኛውንም ብትጠራ እደግፍሃለሁ። ከሦስቱ የሚሻልህ የቱ ነው?» ጥያቄው «የትኛው ነው?» የሚል ነው። «ስንት አለህ?» የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። «የትኛው ነው?» ለሚል ሰው ደግሞ «ድኻ ነኝ» ብሎ መመለስ መልስ አይሆንም።

ጋሼ በሂሳባቸው አስረዱት። «አሥራ ሦስት ካርታ ለአራት አይነት ሲካፈል፣ ቢያንስ አንዱ አይነት አራት ካርታ ሳይደርሰው አይቀርም። ስለዚህ ሁሌም የምትለው ነገር አለህ።» ልጁ ካርታውን መልሶ አነሣ። «የእኔ አራት ካርታ እኮ ሃርት ነው፤ እሱ ደግሞ የባላጋራ ነው።» እውነቱን ነው፤ በዚህ ጨዋታ ከሚያጋጥሙ መጥፎ እጆች አንዱ ይሄ ነው። አራቱ ሃርት 9፣ 7፣ 5 እና 2 ናቸው፤ ማንንም አያስቆሙም። መልሱ ግን አልጠፋም። ሦስት ካርታ ካሉት ከሦስቱ አይነቶች በዝቅተኛው ደረጃ የሚጠራው ስፔድ ነው፤ «አንድ ስፔድ» ብሎ ማለፍ። ጋሼ በሃርት ላይ ደብል ሲሉ ከሁሉ አስቀድመው ያሰቡት ስፔድን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ይዘዋል ማለት ነው። ያን ዕለትም አስና ንጉሥ ያሉበት አራት ስፔድ ይዘው ነበር።

ልጁ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ያለው ነገር እኔ ከዚያ በፊት ካነበብሁት የብሪጅ መጽሐፍ ሁሉ ይበልጥብኛል።

«እኛ ሜዳው ላይ ደቦ ስንጠራ ማጭድ የለኝም ብሎ የሚቀር የለም። ማጭድ የሌለው ነዶ ይሸከማል። ነዶ የማይችለው ውኃ ያቀብላል። ደቦ የጠራኝ ሰው የሚቀየመኝ ማጭድ ስላጣሁ ሳይሆን ስለቀረሁ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ጠረጴዛ ደብል ሲባል «ደቦ ተጠራ» እንላለን፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው ታዲያ። በጨዋታ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ነውር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ሹክሹክታ ይህ ነው፦ ፓስ ትሕትና አይደለም። በጥያቄ ደብል ላይ ፓስ ማለት ከቃላት ሁሉ ትልቁን መናገር ነው። «የባላጋራው አይነት በእኔ እጅ ሞልቷል፤ እዚሁ እንቅጣቸው» ማለት ነው። ለዚያ አምስት ካርታ ቢያንስ ያስፈልጋል፤ እሱም ባዶ አምስት ሳይሆን እንደ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10፣ 9 ያለ ጠንካራ ሰልፍ። ፓስ የሰማ ጥሩ አጣማሪም ይህን ስለሚያምን፣ ጨዋታው ሲጀመር መጀመሪያ የሚጥለው ያችኑ የባላጋራ አይነት፣ አንድ እንኳ ከሆነች ያችኑ አንዷን ነው። እንግዲህ ሦስት ነጥብ ይዞ በፍርሃት ፓስ ያለ ሰው፣ ሳያውቅ፣ በጠረጴዛው ላይ ትልቁን ፉከራ ፎክሯል።

ሦስተኛውን ግን እስካሁን ለጀማሪ ደፍሮ ሲነግር የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው። ደካማ ጥንድ የሚታወቀው በባዶ እጅ ዝም በማለት አይደለም፤ ያ አንዴ ከተነገረ ይታረማል። የሚታወቀው ደህና እጅ ይዞ በለሆሳስ ሲናገር ነው። የመልሱ ደረጃ እንዲህ ነው። ከ0 እስከ 8 ነጥብ ያለው በዝቅተኛው ደረጃ አንዱን አይነት ይጠራል። ከ9 እስከ 11 ያለው አንድ ደረጃ ዘሎ ይጠራል፤ «አንድ ስፔድ» በሚባልበት «ሁለት ስፔድ» ይላል። 12 እና ከዚያ በላይ ያለው ወይ በቀጥታ ወደ ትልቁ ውል ይሄዳል፤ ወይ ደግሞ ራሱን የባላጋራውን አይነት ይጠራል። ይህ የመጨረሻው ለጀማሪ እብደት ይመስለዋል፤ ባላጋራ «አንድ ሃርት» ባለበት «ሁለት ሃርት» ማለት! ትርጉሙ ግን «እጄ ሙሉ ነው፤ ቦታውን አብረን እንፈልግ» ነው። በሃርት ለመጫወት ፈልጎ እንዳይደለ አጣማሪው ያውቃል።

ታዲያ 10 ነጥብ ይዞ «አንድ ስፔድ» ያለ ሰው ምን አደረገ? ደብል ያለው አጣማሪው እጁን እንደ ባዶ ይቆጥረዋል፤ መቁጠርም አለበት። ስለዚህ ፓስ ይላል። አሥር ዙር ሊበላበት የሚችል ካርታ በአንድ ስፔድ ተቀበረ ማለት ነው። ሰው ባዶ እጅ ሲይዝ ያፍራል፤ ደህና እጅ ሲይዝ ደግሞ ይቆጥባል። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ነው የሚመጡት፦ ከፍርሃት። እኔ ለተማሪዎቼ የምለው አንድ ነገር ነው፤ በደብል ላይ ስትመልሱ ነጥባችሁን ከዜሮ ጀምራችሁ ቁጠሩ። አጣማሪያችሁ ምንም እንደሌላችሁ አድርጎ ጠርቷችኋል፤ ዘጠኝ ነጥብ ለሱ ድግስ ነው።

ነጥብ ስትቆጥሩም የተቀመጠበትን እዩ። ባላጋራው በሃርት ከፍቶ ከእናንተ በኋላ የሚጫወት ከሆነ፣ በእጃችሁ ያለው የሃርት ንጉሥ ባብዛኛው ከአሱ በታች ሊወድቅ የተቀመጠ ነው፤ በሦስት ነጥብ አትመኑት። ያንኑ ንጉሥ በስፔድ ውስጥ ብታገኙት ግን ከአጣማሪያችሁ ካርታ ጋር ይገጥማልና ሙሉ ዋጋ አለው። አምስት ስፔድ ከስምንት ነጥብ ጋር የያዘ ሰውም ዘጠኝ እንደያዘ ቢዘል አልወቅሰውም። የባላጋራው አይነት በእጃችሁ በደንብ ታጥሮ፣ ሌላው ግን ተበታትኖ ከሆነ ደግሞ፣ ከ6 እስከ 10 ነጥብ ገደማ ይዛችሁ ያለ ገዢ «አንድ» ማለት አለ። የሃርቱ ንጉሥ ሥራ የሚያገኘው እዚያ ነው።

አራተኛው ጥያቄውን የጠየቀውን ሰው ይመለከታል፤ ስለ ራሴ ነው የምናገረው። ውጭ አገር በተማርሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ 14 ነጥብና አራት ስፔድ ይዤ ደብል አልሁ። አጣማሪዬ «አንድ ስፔድ» አለች። ደስ ብሎኝ «ሦስት ስፔድ» አልሁ። ጨዋታው አልቆ ካርታዋን ስታሳየኝ አንዲት ጃክ ብቻ ነበረችበት። ሦስት ዙር ጎደለን። እሷ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። መልሺልኝ ብዬ ያስገደድኋት እኔ ነኝ፤ ስለመለሰችልኝ ደግሞ የቀጣኋት እኔው።

አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ መቀናጆ የምንለው ነው። የጎረቤቱ በሬ ከሲታ መሆኑን እያወቀ በራሱ በሬ ጉልበት ልክ የሚነዳ ሰው እርሻውንም ጓደኝነቱንም ያጣል። በጥያቄ ደብል አጣማሪህ በዝቅተኛው ደረጃ ከመለሰ፣ 12 ወይም 14 ይዘህ ፓስ በል። ድጋፍህን ቀድመህ ተናግረሃል። ከፍ ለማድረግ 16 ገደማና ጥሩ ድጋፍ ይኑርህ። በባዶ እጁ የሚመልስ አጣማሪ ማግኘት የምትችለው፣ ባዶ እጁን የማትጭንበት መሆንህን ሲያምን ብቻ ነው።

አምስተኛው አጭር ነው፤ ግዴታው የሚነሣበት ጊዜ አለ። ከአንተ በፊት ያለው ባላጋራ ዝም ካላለ፣ ለምሳሌ «ሁለት ሃርት» ካለ፣ ጥያቄው በእሱ ድምፅ ተሸፍኗል፤ አጣማሪህ ሌላ ተራ ያገኛል። እንግዲህ ባዶ እጅ የያዘ ያለ ሐፍረት ፓስ ይበል። እዚያ ላይ የተናገረ ሰው በፈቃዱ ነው የተናገረውና፣ 6 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ እንዳለው ይታመንለታል። ማን እንደጠየቀህ ብቻ ሳይሆን፣ መሐል ላይ ማን እንደተናገረም ስማ።

አሁን ወደ ነውሩ ልመለስ። ደብል ሁለት ትርጉም ስላለው ከጥንት ጀምሮ ፈተና አለበት፦ አንዱን ደብል ጮክ፣ ሌላውን ለስለስ አድርጎ መናገር። ወይም ፓስ ከማለት በፊት ረጅም ማሰብ፤ «ያመነታሁት ካርታ ስላለኝ ነው» እንደማለት። ገበያ ላይ ጥቅሻ ችሎታ ነው፤ እዚህ ስርቆት ነው። ሕጉ የሚፈቅደው በተጠራው ቃል ብቻ መነጋገርን ነው፤ በድምፅ ቃና፣ በፊት፣ በጊዜ መነጋገርን አይፈቅድም። ስዊድን ውስጥ የጨረታ ካርድ ሳጥን የተበጀው ጨረታው ከአፍ ወጥቶ በካርድ እንዲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በቤርሙዳ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በአጣማሪዎች መሐል ለመጀመሪያ ጊዜ መጋረጃ ተሰቀለ። በዚያው ውድድር ሁለት የጣልያን ተጫዋቾች ከጠረጴዛው ሥር በእግር ሲነካኩ ታዩ፤ ከዚያ ወዲህ ከጠረጴዛው በታችም መከለያ ይደረጋል። የእኛ የፓስታ ካርቶን የዚያ ሁሉ ታሪክ ወራሽ ናት። ጋሼ ቀዩን ኤክስ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ቦታ ነው የሚያስቀምጡት፤ ልጁም ሦስት ነጥብ ቢይዝ አሥራ ሦስት፣ እኩል ትንፋሽ ወስዶ ይመልሳል። ብዙ ሰው ብሪጅን የማስታወስ ጨዋታ ይለዋል። እኔ የእምነት ጨዋታ እለዋለሁ፤ ፊትህን ሳላይ፣ በተናገርኸው ቃል ብቻ አምንሃለሁ ማለት ነውና።

የመጨረሻዋን ልንገራችሁና ልሂድ። ኅዳር ነው፤ ሩዝ የሚታጨድበት። ሜዳው ከጉማራ እስከ ርብ በወርቅማ ነዶ ተሞልቷል፤ የልጁ መፈልፈያም ከንጋት እስከ ማታ ነው የሚሠራው። እሑድ ከሰዓት ደክሞት መጣ። እኔ «አንድ ሃርት» ብዬ ከፈትሁ። ጋሼ ቀዩን ኤክስ አስቀመጡ። ሲስተር ፓስ። ልጁ ካርታውን አየ፤ አንዴ ብቻ ቆጠረ። «አንድ ስፔድ» የሚለውን ካርቶን አውጥቶ በቀስታ አስቀመጠ። እኔ «ሁለት ሃርት» አልሁ። ጋሼ ካርታቸውን ተመለከቱ፤ ከዚያ ፓስ አሉ። ሁሉም ፓስ። እኔ ስምንት ዙር በላሁ፤ 110 አገኘን።

ሲያልቅ ልጁ ካርታውን ገልጦ አሳየን። በስፔድ 9፣ 7፣ 4 እና 2፤ በሃርት 8፣ 5 እና 3፤ በዳይመንድ 9፣ 6 እና 2፤ በፍላወር 7፣ 5 እና 4። ከ9 በላይ አንድም ካርታ የለበትም። ያርቦሮ ይባላል፤ ከእንግሊዛዊው ሎርድ ያርቦሮ የመጣ ስም ነው፤ እንዲህ ያለ እጅ የሚመጣውም በአማካይ ከ1,828 እጅ አንዴ ነው። ጋሼ እርሳሳቸውን አንሥተው አሰሉ፤ ልጁ እንደዚያ ቀን ፓስ ብሎ ቢሆን፣ እነዚያው ስምንት ዙሮች 260 ያስገኙልን ነበር። ባዶ እጁ 150 አዳነ።

ልጁ የጠየቀው ግን ስለዚያ አልነበረም። «ጋሼ፣ እርስዎስ ስንት ይዘው ነበር?»

«አሥራ አምስት።»

«ታዲያ ለምን ሁለት ስፔድ አላሉም?»

ጋሼ ካርታውን ለቀጣዩ እጅ መበወዝ ጀምረው ነበር። «ማጭድ ይኑርህ አይኑርህ አላውቅማ» አሉት። «መምጣትህን ብቻ ነው የማውቀው።»